ጥፋተኛው ድርቡ ጥርስ አይደለም

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ 26 ዓመቴ ነው። ወንጂ ተወልጄ ያደግኩ ሲሆን አሁን የምኖረው አዳማ ነው። የላይኛው የግራ ክራንቻዬ ከፍ ብሎ ሌሎቹ ላይ ተደርቦ ነው የበቀለው። የታችኞቹ የፊት ጥርሶቼም ተጠላልፈዋል። ሰርጌ ለሚያዝያ ተቆርጧል፤ ሰባት ወር ቀርቶታል። አንድ ክሊኒክ ‹ድርቡን እንነቅልና አራቱን የፊት ጥርሶች ሞርደን ሽፋን እናለብስሻለን፣ በሁለት ሳምንት ያልቃል› አሉኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ ‹ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ታስሪያለሽ፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ ጤነኛ ጥርስም ይነቀላል› ተባልኩ። እናቴ ከ20 ዓመት በኋላ አጥንት ስለሚደርቅ ብሬስ አይሠራም ትላለች። እኔ የሚመስለኝ ደግሞ በ20 ዓመቴ የበቀለው የመጨረሻው መንጋጋ ገፍቶ ነው ያጠላለፋቸው። የወንጂ ልጅ ስለሆንኩ ጥርሴ ቡናማ ነው፤ ድዴም ስቦርሽ ስለሚደማ ብዙ አልነካውም። የቱን ልምረጥ?»

ምላሽ፦ ክራንቻሽን አታስነቅዪ። አራቱን ጤነኛ የፊት ጥርሶችሽንም አታስሞርጂ። ምክንያቱን አንድ በአንድ እነግርሻለሁ። ምናልባት ለነገ ቀጠሮ ይዘሽ ከሆነ ብዬ ግን መልሱን አስቀደምኩት።

ድርብ ጥርስ ያለው ሰው እኔ ጋ ሲመጣ ጣቱን የሚቀስረው ሁሌም ድርቡ ላይ ነው። «ይሄን ብቻ አውጡልኝ፣ ሌላው ደህና ነው» ይላል። ድርቡ ግን ያጠፋው ነገር የለም። የላይኛው ክራንቻ የሚወጣው ከ11 እስከ 12 ዓመት ገደማ ነው። እሱ ሲደርስ አራቱ የፊት ጥርሶች ቦታቸውን ይዘው ጨርሰዋል። ከኋላው ያለው ትንሹ መንጋጋም ብዙ ጊዜ ቀድሞት ወጥቷል። ሚኒባሱ ከሞላ በኋላ የደረሰ ሰው በር ላይ እንደሚንጠለጠል፣ እሱም ባገኘው ቦታ ተንጠለጠለ። አፍሽ ውስጥ ቦታ ጎደለ እንጂ ጥርስ አልበዛም።

ቦታው ለምን ጎደለ? በአብዛኛው የተፈጥሮና የዘር ጉዳይ ነው፤ ጥርሱ ሰፋ ይላል፣ አጥንቱ ይጠባል። ሁለተኛው ምክንያት እኛ አገር በጣም የተለመደ ነውና ልጆች ያላችሁ አንባቢዎችም ልብ በሉት። የወተት መንጋጋ ሲቦረቦር «የሚወድቅ ጥርስ አይደል?» ተብሎ ይነቀላል። የወተት መንጋጋ ግን ማኘኪያ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ለሚመጣው ጥርስ ቦታ ጠባቂ ነው። ያለጊዜው ከሄደ በ6 ዓመት አካባቢ የሚበቅለው ትልቁ መንጋጋ ወደ ፊት ተንሸራቶ ቦታውን ይወርሳል። በ11 ዓመቱ የሚመጣው ክራንቻ ደጁ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ሕፃኑ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው «ግግ ነው» እየተባለ ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ከድዱ ውስጥ ይፈለፈላል። በዚህ ምክንያት ቋሚው ክራንቻ ጠሞ፣ ተበላሽቶ ወይም ጭራሽ ሳይኖር የሚመጡ ልጆችን አይቻለሁ። ሕፃኑ ያስቀመጠው በሌላ በሽታ ነው፤ የጥርሱ ጥንስስ ምንም አላደረገም።

የመጨረሻውን መንጋጋ የጠረጠርሽው ብቻሽን አይደለሽም፣ ብዙ ሰው እንደዚያው ያስባል። ግን የመጨረሻው መንጋጋ ጭራሽ ያልበቀለላቸው ሰዎችም በሃያዎቹ ዕድሜያቸው የታችኛው የፊት ጥርሳቸው ይጠላለፋል። ታች ያሉት የፊት ጥርሶች በዕድሜ መጠጋጋታቸው ብሬስ ታስሮም ሳይታሰርም የሚሆን ነገር ነው። የመጨረሻው መንጋጋ ካመመሽ፣ ከተቦረቦረ ወይም ድዱ እየቆሰለ ካስቸገረሽ ይነቀላል። ሌሎቹ እንዳይጠላለፉ ተብሎ ግን አይነቀልም።

አሁን ወደ ሁለት ሳምንቱ ሕክምና እንምጣ። ክራንቻ አፍ ውስጥ ካሉት ጥርሶች ሁሉ ረጅም ሥር ያለው ነው። መንጋጋሽን ወደ ጎን ስታንሸራትቺ ጫናውን ተቀብሎ የኋላ ጥርሶች እንዳይፋጩ የሚያደርገው እሱ ነው። ስትስቂም የከንፈርሽን ጥግ ከውስጥ ይደግፋል። ብዙ ጥርሳቸው ያለቀ አዛውንቶችን አፍ ስከፍት ቆሞ የማገኘው ብዙ ጊዜ ክራንቻን ነው። እንዲህ ያለ ጥርስ የሚነቀለው ሥሩ ከተበላ ወይም ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ ነው። ይህ የሚታወቀው ደግሞ በራጅ ነው፤ በመስታወት ብቻ ተመልክቶ «ይውጣ» አይባልም።

ሽፋን ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ በደንብ ይግባሽ። ጥርስ ሙሉ ሽፋን የሚለብሰው ዙሪያውን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ ነው። ከድድ በላይ ከሚታየው ጥርስሽ ከግማሽ በላዩ ዱቄት ሆኖ በውሃ ይታጠባል። ተመልሶ አይበቅልም። የተሞረደ ጥርስ ነርቩ ሊቆጣና ከዓመታት በኋላ ሊሞት ይችላል፤ ያኔ የሥር ሕክምና ይከተላል። ሽፋኑም የዕድሜ ልክ አይደለም። በጥሩ እጅ የተሠራ 10 ወይም 15 ዓመት ቢቆይ ጥሩ ቆየ ይባላል፤ ከዚያ ይቀየራል፣ እንደገናም ይቀየራል። አንቺ ገና 26 ዓመትሽ ነው። ደግሞ ይህ ሁሉ ሆኖ የታችኞቹ ጥርሶችሽ እንደተጠላለፉ ይቀራሉ። ሽፋን መጥፎ ሕክምና አይደለም። ለተሰበረ፣ በሙሌት ላለቀ፣ የሥር ሕክምና ለተደረገለት ጥርስ እኔም አዝዘዋለሁ። ቦታውን ለሳተ ጤነኛ ጥርስ ግን መድኃኒቱ አይደለም።

ስለ አጥንት መድረቅ እናትሽ የሰሙት ነገር ግማሽ እውነት አለው። ጥርስ እንደ አጥር ምሰሶ በሲሚንቶ የተተከለ አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ሩብ ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ በክር የተሸመነ የሚመስል ስስ ሥጋ አለ። ብሬሱ ጥርሱን ወደ አንድ ወገን ቀስ ብሎ ሲገፋው፣ በተጫነበት በኩል ያለውን አጥንት የሚበሉ ሕዋሳት ይነቁና መንገድ ይጠርጋሉ። ከኋላ በተለጠጠው በኩል ደግሞ ሌሎች ሕዋሳት አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ጥርሱ አጥንቱን ሰብሮ አይሄድም፤ አጥንቱ ራሱ ከፊቱ እየፈረሰ ከኋላው እየተገነባ ያሳልፈዋል። ይህ ሥራ በ20 ዓመት አይቆምም። የ60 ዓመት ሰው እግሩ ቢሰበር ይጠገንለት የለም? ያው ነው። ድዱና አጥንቱ ጤነኛ ከሆነ በ26ም በ50ም ጥርስ ይንቀሳቀሳል።

እውነት የሆነው ግማሽ ይህ ነው፤ የመንጋጋ አጥንት ዕድገት ያቆማል። ልጅ ሳለሽ ብትመጪ ኖሮ የላይኛውን መንጋጋ በማስፊያ ከፈት አድርገን ቦታ ልንፈጥር እንችል ነበር፤ የላንቃ አጥንት መሐል ለመሐል ያለው መጋጠሚያ ገና አልገጠመምና። አሁን ያ በር ተዘግቷል ማለት ይቻላል። የታችኛው አገጩ በጣም ወደ ፊት የወጣ ወይም ወደ ኋላ የቀረ አዋቂ ሰው ደግሞ በብሬስ ብቻ መልኩ አይስተካከልም፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። የአንቺ ጥያቄ ውስጥ ግን እንደዚያ የሚመስል ነገር አላየሁም። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች (የጥርስ አሰላለፍ ስፔሻሊስቶች) ማኅበር ልጆች ቢዘገይ በ7 ዓመታቸው አንድ ጊዜ እንዲታዩ የሚመክረው በዚሁ የዕድገት ምክንያት ነው። በ7 ዓመት ብሬስ ይታሰር ማለት ግን አይደለም።

አሁን ደግሞ ሁለት ዓመት ለምን? ጥርስ በአጥንት ውስጥ የሚጓዘው በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ዶክተር፣ ጠበቅ አድርጉልኝና ቶሎ ይለቅ» ይለኛል። ጠበቅ ማድረግ አይከብድም። ግን ከልክ በላይ የተጫነ ጥርስ ከፊቱ ያለው ሥጋ ደም ያጣና ይሞታል፤ አጥንት የሚበሉት ሕዋሳት በቀጥታ መድረስ ስለማይችሉ ዞረው ከኋላ ይመጣሉ። ጥርሱ ለሳምንታት ይቆማል፣ ሥሩም ሊሟሟ ይችላል። ስለዚህ የምንጀምረው በጣም ስስ በሆነ ሽቦ ነው። እኔ ክሊኒክ ያንን የመጀመሪያ ሽቦ ለታካሚው እጁ ላይ እሰጠዋለሁ። ውፍረቱ አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «ጣትህ ላይ ጠምዝዘው» እለዋለሁ። ይጠመዝዘዋል፣ ሲለቀው ብድግ ብሎ ወደነበረበት ቅርጽ ይመለሳል። የኒኬልና የታይታኒየም ቅይጥ ነው፤ ጥርስሽ ላይ ሲታሰርም የሚሠራው ያንኑ ነው፣ ወደ ቅርጹ ልመለስ እያለ ጥርሱን ቀስ ብሎ ይዞት ይሄዳል። ይህን ያየ ሰው ዳግመኛ «አጥብቁልኝ» አይልም።

ጤነኛ ጥርስ ይነቀላል መባሉ አስደንግጦሻል፣ ያስደነግጣልም። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ክራንቻ ወደ 8 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። ያንቺ ክራንቻ ሙሉ በሙሉ ከረድፉ ውጭ ከሆነ፣ በግራ በኩል ብቻ ከ7 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ቦታ ጎድሏል ማለት ነው። ጉድለቱ እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ረድፉን ትንሽ በማስፋት፣ ወይም በጥርሶች መካከል ከእያንዳንዱ መገናኛ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ በመሞረድ ይሸፈን ነበር። ይህ ሞረድ ለሽፋን ከሚደረገው ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ከጥርሱ ተፈጥሯዊ ጠንካራ ሽፋን ላይ ጥቂት ብቻ ነው የሚነካው። ጉድለቱ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ግን ሳይነቀል ለማስገባት መሞከር ጥርሶቹን ከአጥንቱ ውጭ መግፋት ነው። ውጤቱ ገጣጣ መሆንና ድድ መሸሽ ነው። ከ5 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያለው መሐል ሜዳ ነው፤ እዚያ ላይ ነው የሐኪሙ ችሎታ የሚፈተነው።

ሲነቀል የሚመረጠው ከክራንቻው ቀጥሎ ያለው ትንሹ መንጋጋ ነው። ለምን እሱ? ከጎኑ መንትያ የሚመስል ሌላ ትንሽ መንጋጋ ስላለ ነው። አፍሽ ውስጥ እንዲህ ያሉ ስምንት ናቸው። አንዱ ቢሄድ ሁለተኛው ሥራውን ይሠራል፣ የክራንቻን ሥራ ግን የሚሠራ ሌላ ጥርስ የለም። ሁለቱም ክሊኒኮች «እንንቀል» ነው ያሉሽ፤ ልዩነቱ የትኛውን የሚለው ላይ ነው፣ ልዩነቱም የሰማይና የምድር ነው። አራት ትንንሽ መንጋጋዎች ይነቀሉ፣ ሁለት ይብቁ ወይስ አንድም አይነካ የሚለውን ግን እኔ ከዚህ ሆኜ አልነግርሽም። አፍሽን ከፍቶ ብቻ አይቶ የወሰነልሽ ሰውም ቸኩሏል። ሙሉውን አፍ የሚያሳይ ራጅ፣ ከጎን የሚነሣ የራስ ራጅ፣ የጥርስሽ ቅጂና የፊትሽ ፎቶ ያስፈልጋል። ከንፈርሽ ወደ ፊት ወጣ ያለ ከሆነ መንቀሉ መልክሽን ያሳምረዋል፤ ከንፈርሽ ገባ ያለ ከሆነ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት መንቀል ፊትሽን ከጎን ሲታይ ጠፍጣፋ ሊያደርገው ይችላል።

ድድሽ የሚደማው ስለምትቦርሺው አይደለም፤ ስለማትቦርሺው ነው። የማትነኪው ቦታ ላይ ቆሻሻው ይጋገራል፣ ድዱ ይቆጣል፣ ከዚያ ብሩሹ ሲነካው ይደማል። ደሙን ፈርተሽ ስትተዪው ይብስበታል። ብሬስ የሚታሰረው በተቆጣ ድድ ላይ አይደለም። የታመመ ድድ ባለበት ጥርስ ሲገፋ አጥንቱ ይፈርሳል፣ ግን መልሶ አይገነባም፤ ጥርሱ ተስተካክሎ እየተነቃነቀ ይቀራል። መጀመሪያ ጥርስሽን ክሊኒክ ውስጥ ትታጠቢያለሽ። የድድሽም ጥልቀት በየጥርሱ ዙሪያ ይለካ። ከዚያ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ፣ የድዱን ጠርዝ ሳትተዪ ትቦርሺያለሽ። በአብዛኛው በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ መድማቱ ይቀንሳል። ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ቆይቶም የሚደማ ከሆነ ብሬሱ ይጠብቅ። የተቦረቦረ ጥርስ ካለም አስቀድሞ ይሞላ።

የወንጂውን ቡናማ ቀለም በተመለከተ፣ ንጽሕና ከመጉደል የመጣ አይደለምና ማንም አያሳፍርሽ። ፍሎሮሲስ ይባላል። በስምጥ ሸለቆው አካባቢ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ፍሎራይድ ይበዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ ማለትም እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የጠጣ ልጅ የጥርሱ ሽፋን እንዲህ ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ ከውስጥ ስለሆነ በመታጠብ አይሄድም። አሁን የምትጠጪው ውሃም አይጨምርበትም። የወለድሽ ጊዜ ግን የልጅሽን የመጠጥ ውሃ ምንጭ አስቢበት።

ለብሬስ ይህ ቀለም ሁለት ነገር ይለውጣል። ብራኬት ማለትም ጥርሱ ላይ የሚለጠፈው ትንሹ ብረት የሚይዘው በአሲድ ከሻከረ የጥርስ ሽፋን ጋር ነው። ፍሎሮሲስ ያለበት ሽፋን ለአሲዱ እንደ ሌላው አይታዘዝም፣ ስለዚህ ብራኬቱ ቶሎ ቶሎ ሊወድቅብሽ ይችላል። ሐኪምሽ ይህን አውቆ ገጹን በተለየ መንገድ ያዘጋጀው፤ ለወደቀ ብራኬት እንደገና ይከፈል እንደሆነም ከወዲሁ ጠይቂ። ሁለተኛው፣ እንዳይታይብሽ ብለሽ የሴራሚክ ብራኬት ልትጠይቂ ትችያለሽ። ለአንቺ አልመክርም። ሴራሚክ በጣም ደረቅ ስለሆነ ሲላቀቅ የደከመ የጥርስ ሽፋንን ይዞ ሊነሣ ይችላል። ብረቱ ይሻልሻል። ቀለሙን ደግሞ ለመጨረሻ አስቀምጪው። ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ላዩን በስሱ በመፈግፈግና በማንጣት ብዙ ይለወጣል፤ ጥርሱ ሳይሞረድ።

በፕላስቲክ ልባጥ፣ አላይነር በሚባለው፣ ይሆናል ወይ ብለሽ እንደምትጠይቂ እገምታለሁ። ለትንሽ መጠላለፍ ጥሩ ነው፤ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ እስከዋለ ድረስ። ከላይ የተሰቀለ ክራንቻን ጎትቶ ማውረድና የተነቀለ ቦታን መዝጋት ግን የሚከብዱት ሥራዎች ናቸው። አንቺን አይመለከትሽም፣ እለፊው። ሳይታዩ በፖስታ የሚላኩትንም ተያቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ፍንጭታቸውን ቤት ውስጥ ለመዝጋት ለሚሞክሩ፤ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ጥርስ ላይ አታስሩ። ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ስለሚሄድ ላስቲኩ እየተንሸራተተ ድድ ውስጥ ይገባል፣ አይታይም፣ አያምምም፣ አጥንቱን ይበላል። ሁለት ጤነኛ የፊት ጥርስ በዚህ መንገድ ይወልቃል።

ብሬሱ ከታሰረ በኋላ ሕይወት ምን ይመስላል? የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ያምማል፤ በሁለተኛው ቀን ይብሳል። እንጀራ እንኳ ይከብዳል፤ ሽሮ፣ አጥሚት፣ ገንፎ ይሻላል። ፓራሲታሞል ይበቃል። ጉንጭሽን የሚቧጥጥሽ ብረት ላይ የሚለጠፍ ሰም ይሰጥሻል። ከዚያ በኋላ የሚፈትንሽ አመል ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥብስ በቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ አጥንት መጋጥ፣ ማስቲካ ይቀራሉ። የወንጂ ልጅን ሸንኮራ ተይ ማለት ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ለሁለት ዓመት ነው። ቁርጥ ከበላሽ በጥርስ አትቦጭቂው፣ በቢላ አድቅቂው። ጠርሙስ በጥርስ አይከፈትም፤ ብሬስ ባይኖርም አይከፈትም። መፋቂያ ለባዶ ጥርስ ጥሩ ነው፣ ሽቦ ሥር ግን አይገባም፤ ብሩሽና በጥርስ መሐል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ ያስፈልግሻል። ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ከወሰድሽ ወዲያው በውሃ ተጉመጥመጪ። በብራኬቱ ዙሪያ ቆሻሻ ከተኛ በአንድ ወር ውስጥ እንኳ ነጭ ጠባሳ ሊያወጣ ይችላል፤ ብሬሱ ሲወልቅ ጥርሱ ተስተካክሎ ነቁጣ በነቁጣ ሆኖ ይገኛል። እኔን ከምንም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ዓመት የታገሠ ሰው በብሩሽ ጉዳይ ሲጎዳ ነው የማየው።

ሌላው ገደብ የጥርስ ሥር ማጠር ነው። ብሬስ ያሰረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሥሩ በጥቂቱ ያጥራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። በጥቂት ሰዎች ላይ ግን ብዙ ስለሚያጥር፣ ሕክምናው በተጀመረ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ እንደገና ራጅ ይነሣል። ይህን የማያነሣልሽ ሐኪም ካለ አንቺ አስታውሺው።

ብሬሱ የወለቀ ቀን ሕክምናው አላለቀም። ክሊኒካችን ከሚመጡት አዋቂዎች ውስጥ «በልጅነቴ አስሬ ነበር፣ ተመለሰብኝ» የሚሉ አይጠፉም። ስጠይቃቸው መልሱ አንድ ነው፤ ሪቴይነሩ፣ ማለትም ጥርሱ እንዳይመለስ የሚይዘው ማቆያ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ጥርስን የያዙት ክሮች ወደነበሩበት ይጎትታሉ፣ በተለይ የዞረ ጥርስን። ለአንቺ በታችኞቹ የፊት ጥርሶች ከጀርባ የሚጣበቅ ስስ ሽቦ፣ ለላይኛው ደግሞ የሚወልቅ ሪቴይነር እመክራለሁ። መጀመሪያ ወራት ሌት ተቀን፣ ከዚያ ማታ ማታ። እስከ መቼ? ጥርስሽ ቀጥ እንዲል እስከፈለግሽበት ጊዜ ድረስ። ዋጋ ስትጠይቂ ሪቴይነሩ ውስጡ መካተቱን አረጋግጪ።

አሁን ወደ ሰርጉ። ቀኑ ሊለወጥ አይችልም፣ አጥንትሽም አይቸኩልም። ክራንቻሽ 7 ሚሊ ሜትር ቦታ እስኪከፈትለትና እስኪወርድ ብቻ ግማሽ ዓመት ያልፋል፤ የተነቀለውን ቦታ መዝጋትና ንክሻውን ማስተካከል ገና ይቀራል። በሚያዝያ ያለቀ ፈገግታ የሚሰጥሽ ብሬስ የለም፤ እሰጣለሁ የሚል ካለ አትመኚው። ከሰርግ በኋላ ልጀምር ልትዪ ትችያለሽ። ይቻላል፣ ግን እኔ አሁን ጀምሪ ነው የምልሽ። አንዱ ምክንያቴ ይህ ነው፤ ከጋብቻ በኋላ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። እርግዝና ብሬስ አይከለክልም። ነገር ግን ድድ በእርግዝና ጊዜ በቀላሉ ያብጣል፣ ራጅና መንቀልም ከዚያ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። ሁለተኛው፣ ብሬሱ በኅዳር ቢታሰር እስከ ሚያዝያ ባሉት አምስት ወራት ክራንቻሽ ሙሉ በሙሉ ባይወርድም መውረድ ይጀምራል፣ መጠላለፉም በዓይን የሚታይ ለውጥ ያሳያል። በሰርግሽ ፎቶ ላይ ብሬስ ይኖራል። ብራኬቱን የሚያስሩትን ትንንሽ ላስቲኮች በሰርጉ ሳምንት በግልጽ ቀለም ያስቀይሩልሽ፤ ከዚያ እስከ ሰርጉ ቀን እርድ ያለበት አልጫ አትብዪ፣ ላስቲኩን ቢጫ ያደርገዋል። ይህ ጨርሶ ካልተዋጠልሽ ደግሞ ድድሽን አሁን አክሚ፣ ራጁንና መንቀሉን አዘግዪ፣ በግንቦት ጀምሪ። ሁለቱም መንገድ ጥርስሽን ያተርፋል። የሁለት ሳምንቱ ግን አያተርፍም።

የምታሠሪበትን ሰው ስትመርጪ በኦርቶዶንቲክስ ስፔሻላይዝ ያደረገ መሆኑን በግልጽ ጠይቂ፤ ጥያቄው ነውር የለበትም። አዳማ ካላገኘሽ አዲስ አበባ ትመላለሻለሽ፣ በየአራት እስከ ስምንት ሳምንቱ ነው። የመንገዱንም ወጪ ከጠቅላላው ዋጋ ጋር ደምረሽ አስቢ። በመሐል ወደ ውጭ አገር የመሄድ ሐሳብ ካለሽም አሁኑኑ ለሐኪሙ ንገሪው። በግማሽ የቀረን ብሬስ የሚረከብ ሐኪም ማግኘት ከባድ ነው፣ ክትትል የሌለው ሽቦ ደግሞ ጥርስን ያለ መሪ ይጎትታል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ክሊኒክ ሄደሽ ጥርስሽን ታጠቢ፣ ድድሽንም አስለኪ። በጥቅምት ራጁና ልኬቱ ይነሣ። መንቀል ያስፈልጋል ከተባልሽ የሚነቀለውን ጥርስ በቁጥር አስጽፊ። እኛ ሐኪሞች ለእያንዳንዱ ጥርስ ቁጥር አለን፤ ያንቺ የላይኛው ግራ ክራንቻ 23 ነው፣ ከኋላው ያለው ትንሹ መንጋጋ ደግሞ 24። ወረቀቱ ላይ 24 ካለ ሒሳቡን እንዲያሳዩሽ ጠይቂና ተስማሚ። 23 ካለ ግን ወረቀቱንና ራጁን ይዘሽ ከወንበሩ ተነሺ፣ ሌላ ሐኪም ጋ ሄደሽ አሳዪ።